ኪልሆሊንግ ምንድነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፓይሬት (የባህር ወንበዴ) ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ይቺን ቃል ይጠይቀኛል። ፊልም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ስለምተርክ ጥፋቱም ያው የኔ ነው። ከዓመታት በፊት አንዱ ካፒቴን «ኪልሆል ነው የማደርግህ!» ብሎ ሲያንባርቅ እኔ «እገርፍሃለሁ» ብዬ አለፍኩት፣ ከዛ ቀጣዩ ሲን ላይ ሰውየውን በገመድ ጠፍንገው ባህር ውስጥ ሲለቁት ተመልካቹ «ግርፋቱ የታለ?» ብሎ ኮመንቱን ሞላው። ትክክል ናቸው፣ ዋሽቻለሁ። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ከዛ ወዲህ የተጠራቀሙ ናቸው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ባጭሩ ምን ማለት ነው?

አንድን መርከበኛ በገመድ አስሮ ከመርከቡ በአንዱ ጎን ባህር ውስጥ መልቀቅ፣ በመርከቡ ሆድ ስር ጎትቶ ማሳለፍ፣ ከዛ በሌላው ጎን ማውጣት። በቃ ይሄው ነው። ቅጣት ነው፣ ያውም በወረቀት የተጻፈ፣ ተፈርዶ የሚፈጸም ቅጣት።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከሆላንዶች። እነሱ ኪልሃለን ይሉታል። ኪል ማለት ከመርከቡ አፍንጫ እስከ ጭራው በሆዱ ስር የሚዘረጋው ዋናው ግንድ ነው፣ መርከብ ሲሰራ መጀመሪያ የሚጋደመው እሱ ነው፣ የጎን እንጨቶቹ ሁሉ እንደ ጎድን አጥንት ከሱ ላይ ነው የሚነሱት። ስለዚህ የመርከብ አከርካሪ ብትሉት አልተሳሳታችሁም። ሃለን ደግሞ መጎተት፣ ማምጣት ነው። እንግሊዞቹ ከሆላንድ ወስደው ኪልሆል አደረጉት።

ይቺ «ሆል» የምትለዋን እኮ እኛም እናውቃታለን። ጋራዥ ሄዳችሁ «ሞተሩ ኦቨርሆል ይፈልጋል» ሲሏችሁ ሆዳችሁን የሚያባባው ቃል ውስጥ ያለችው ናት። ኦቨርሆልም ጥንት የመርከበኞች ቃል ነበር፣ ገመዱን እየሳቡና እየፈቱ መፈተሽ ማለት ነበር፣ ኋላ ነው ወደ ሞተር የዞረው። እና ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው፣ የሁለቱም ሂሳብ ደግሞ ከባድ ነው።

በትክክል እንዴት ነበር የሚደረገው?

ጥሩ አድርጎ የጻፈልን ዊልያም ፋልከነር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፣ መርከበኛም ገጣሚም ነበር፣ በ1769 ባሳተመው የባህር መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃሉን ሲፈታ የሆላንድ ባህር ኃይል ቅጣት ነው ብሎ ይጀምራል። አሰራሩ እንዲህ ነው። የመርከብ ምሰሶ ላይ ሸራው የሚንጠለጠልበት አግዳሚ ግንድ አለ አይደል፣ የግንዱ ሁለት ጫፎች ከመርከቡ ጎንና ጎን ወጥተው ባህሩ ላይ ነው ያሉት። ጥፋተኛውን ከአንደኛው ጫፍ ላይ በገመድ ያንጠለጥሉታል። እግሩ ላይ እርሳስ ወይ ብረት ይታሰርበታል። ሌላ ገመድ ደግሞ ቀድሞ በመርከቡ ስር አልፎ ከማዶው የግንድ ጫፍ መጥቷል፣ እሱም ሰውየው ላይ ይታሰራል። ከዛ በዚህ በኩል ድንገት ይለቁታል፣ በዛ በኩል ያሉት ይስባሉ። ሰውየው ቁልቁል ሰጥሞ፣ በስር አልፎ፣ በማዶ በኩል ውሃ እየተፋ ብቅ ይላል። ትንሽ ይተነፍሳል። ከዛ እንደገና። ብዙ ጊዜ ፍርዱ ሦስት ዙር ነበር።

ብረቱ ለምንድነው ካላችሁ፣ እንዲሰምጥ ነው። ካልሰመጠ ገመዱ ሲሳብ ሰውየው የመርከቡ ጎን ላይ ተለጥፎ ነው የሚጎተተው፣ ከሰመጠ ግን ከኪሉ በታች የማለፍ እድል አለው። ጭካኔ ይመስላል እንጂ ምናልባት ብረቱ ነው ያተረፈው።

ርቀቱን ለማየት ቁጥር ልስጣችሁ። ባታቪያ የምትባል የሆላንድ መርከብ ነበረች፣ በሷ ልክ የተሰራች ኮፒ ዛሬም ሌሊስታት የሚባል የሆላንድ ከተማ ቆማለች። ጎኗ 10 ሜትር ከምናምን ይሰፋል፣ ውሃ ውስጥ ያለው አካሏ ደግሞ ወደ 5 ሜትር ይጠልቃል። አምስት ወደታች፣ አስር ወደጎን፣ አምስት ወደላይ ብላችሁ ደምሩት። ሃያ ሜትር ገደማ ውሃ ስር፣ እግር ላይ ብረት ታስሮ፣ የሚስቡት ሰዎች ደግሞ የፈለጋቸውን ያህል ይዘገያሉ ወይ ይፈጥናሉ። ዋና የሚችል ሰው ገንዳ ውስጥ ሃያ ሜትር በአንድ ትንፋሽ ሊያቋርጥ ይችላል እሺ፣ ግን እሱ ፈልጎ ነው፣ አይኑን ገልጦ ነው።

በርዝመቱ ነበር ወይስ በስፋቱ?

በስፋቱ፣ ከጎን ወደ ጎን። ፊልሞች ላይ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሲጎትቱ ታያላችሁ። የግንዶቹ ጫፎች ያሉት ግራና ቀኝ ነው፣ ገመዱም ከነሱ ነው የሚወርደው፣ ፋልከነርም የጻፈው እንደዛ ነው። ከላይ ያለችው መርከብ ርዝመቷ ከ40 ሜትር በላይ ነው፣ እንደሱ ከሆነማ ቅጣት ሳይሆን ግድያ ነው።

ባርናክሉ ነው ሰውየውን የሚቆራርጠው የሚባለው እውነት ነው?

ባርናክል ማለት ድንጋይና መርከብ ላይ ተጣብቃ የምትኖር የባህር ፍጥረት ናት፣ ቀንድ አውጣ ትመስላለች ግን ዘመዶቿ ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። ቅርፊቷ ስለታም ነው፣ በባዶ እግሩ የባህር ዳር ድንጋይ የረገጠ ሰው ያውቃታል። ወራት ባህር ላይ የቆየ የእንጨት መርከብ ሆዱ በሷ ተሸፍኖ ሞረድ ይሆናል፣ ስለዚህ እሱ ላይ የተፋተገ ሰው ቆዳው እንደሚላጥ ማንም አይጠራጠርም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፋልከነር ሰውየውን ምን እንደሚጎዳው ሲዘረዝር ባርናክልን አይጠራም። እሱ የሚለው ሦስት ነገር ነው፣ አየር ማጣት፣ ብርዱና ጭንቅላቱ ከመርከቡ ሆድ ጋር ሲጋጭ የሚያዞረው ምት። እንደውም ሽሙጥ በሚመስል አነጋገር ቅጣቱ በተለይ በክረምት፣ የበረዶ ቁራጭ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ነው የሚያምርበት ይላል፣ ሆላንዶቹም በተለመደው ረጋ ያለ ባህሪያቸው ሰውየው ህመሙ እንዲሰማው ራሱን እስኪያውቅ ይጠብቁታል ብሎ ይወጋቸዋል። እንግዲህ እንግሊዞችና ሆላንዶች እየተዋጉ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ይቺን ሽሙጥ በዛ ልክ ውሰዷት። እኔ ግን ባርናክሏን ፊልም ሰሪዎች ከሚገባት በላይ ያነገሷት ይመስለኛል፣ ደም ስክሪን ላይ ይታያል፣ ብርድ አይታይም።

ሰውየው ይሞታል?

የሞተም አለ የተረፈም አለ። ፍርዱ ግን የሞት ፍርድ አልነበረም፣ ለመግደል ሲፈልጉ ገመድ ከላይ ተሰቅሎ ነበር እኮ፣ ማነቅ ይቀላቸዋል። ሦስት ጊዜ ይደገም፣ ከዛ ይገረፍ ብሎ የሚፈርድ ሰው ከሦስተኛው በኋላ የሚገረፍ ሰው ይተርፋል ብሎ አስቧል ማለት ነው።

የባህር ወንበዴዎች ቅጣት አይደል እንዴ?

አይደለም! ይሄን ጥያቄ ነው በጣም የምጠየቀው፣ ሰው የማይለቀውም ይሄን ነው። ኪልሆሊንግ የመንግስትና የኩባንያ ቅጣት ነው። ሆላንድ ውስጥ ከ1560 ጀምሮ በደንብ ተጽፎ የነበረ ነገር ነው። ወንበዴዎቹ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው፣ ጥቂቶቹ ተርፈው ዛሬም ይነበባሉ፣ ለምሳሌ የባርቶሎሚው ሮበርትስ መርከብ ደንብ ከጓደኛው የሰረቀ ሰው አፍንጫና ጆሮው ይሰንጠቅ ይላል፣ ከጋራ ሀብት ያጭበረበረ ደግሞ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ይጣል ይላል። የጆን ፊሊፕስ ወንበዴዎች ደግሞ «የሙሴ ሕግ» የሚሉት ነበራቸው፣ ባዶ ጀርባ ላይ አንድ ሲጎድል አርባ ግርፋት። አዎ፣ ቅዱስ ጳውሎስ አይሁድ አምስት ጊዜ ገረፉኝ ያለው እሱው ነው። እነዚህ ደንቦች ላይ ኪልሆሊንግ የለም። አስቡት ደግሞ፣ ወንበዴ መርከብ ላይ ካፒቴኑን የሚመርጡትና የሚያወርዱት መርከበኞቹ ናቸው፣ እንደዛ ያለ ቦታ ይሄን የሚያህል ሥነሥርዓት ማን ያዘጋጃል።

ምን ያጠፋ ሰው ነበር የሚደርስበት?

የሆላንድ ምስራቅ ህንድ ኩባንያ የሚባለው (1602 የተቋቋመ፣ ቅመም እያመጣ የከበረ) መርከቦቹ ላይ የሚነበብ የደንብ ደብዳቤ ነበረው። እሱ ላይ ያለው የቢላ ሕግ ነው እኔን ሁሌ የሚገርመኝ። መቼም መርከብ ላይ ቢላ የሌለው ሰው የለም፣ ገመድ የሚቆረጠው በሱ ነው፣ ሁለት ሦስት መቶ ወንድ ደግሞ አንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ለስምንት ወር ታጉሯል፣ ይጣላሉ። እና ተናዶ ቢላ የመዘዘ ሰው እጁ በዛው ቢላ ምሰሶው ላይ ይቸነከራል፣ ራሱ ስቦ እስኪያላቅቅ ይቆማል። ሰው ካቆሰለ ኪልሆል ይደረጋል፣ የስድስት ወር ደሞዙም ይቀራል። ከገደለ ደግሞ ከሟቹ ሬሳ ጋር ጀርባ ለጀርባ ታስሮ ባህር ይጣላል። ደረጃ በደረጃ ነው፣ ኪልሆሊንግ መሃል ላይ ናት።

ደሞዙ ላይ ቆም በሉ እስቲ። ከስር ተጎትተህ፣ ሳንባህ ጨው ሞልቶ ወጥተህ፣ ከዛ ደግሞ ግማሽ ዓመት በነጻ ትሰራለህ።

በእውነት የደረሰበት ሰው ይታወቃል?

ከላይ ያነሳኋት ባታቪያ ላይ የተፈረደባቸው አሉ። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ባጭሩ መርከቧ በ1629 ሰኔ ወር ከምዕራብ አውስትራሊያ ዳርቻ ራቅ ብለው ካሉ ደሴቶች ጋር ተጋጭታ ተሰበረች፣ አዛዡ ፔልሳርት በጀልባ እርዳታ ፍለጋ ዛሬ ጃካርታ ወደምትባለው ባታቪያ ከተማ ሄደ፣ እሱ በሌለበት ደሴቱ ላይ የቀሩት ውስጥ ዬሮኒሙስ ኮርኔሊስ የሚባል ሰው ግብረ አበሮች ሰብስቦ ከ100 በላይ ሰው አስገደለ፣ ሴትና ህጻን ሳይለይ። ፔልሳርት ሲመለስ እዛው ደሴት ላይ ችሎት አቆመ። ዋናዎቹ ተሰቀሉ። ከነሱ በታች ያሉት ላይ ነው እንግዲህ ኪልሆሊንግና ከግንድ ላይ መጣል የተፈረደው፣ አንዳንዱ ላይ 100 ግርፋት ተጨምሮበት። ይሄ ሁሉ ሰው አልቆ ኪልሆሊንግ የቀላል ጥፋተኛ ቅጣት ሆና ስትቆጠር ነው የዘመኑ ሚዛን የሚገባችሁ። ከተማዋ ሲደርሱም ያሉት ባለስልጣናት ይሄ አነሰ ብለው ከተረፉት አመጸኞች የተወሰኑትን እንደገና ፈርደው ሰቀሏቸው።

«ከግንድ ላይ መጣል» ያልከው ሌላ ነው?

ሌላ ነው፣ ግን ታናሽ ወንድሟ ነው። ሰውየውን ከዛው አግዳሚ ግንድ ጫፍ ላይ ወደ ባህሩ ይለቁትና መልሰው ይስቡታል፣ በመርከቡ ስር ግን አያልፍም። ፈረንሳዮቹ ይሄን ይወዱት ነበር፣ ለከዳ፣ ፈጣሪን ለተሳደበና አመጽ ለቀሰቀሰ። ሲፈጸምም መድፍ ይተኩሱ ነበር፣ አጠገብ ያሉ መርከቦች ወጥተው እንዲያዩ። ደረቁ አይነት ደግሞ አለ፣ ገመዱ አጭር ይሆንና ውሃው ጋ ሳይደርስ ቀጥ ይላል፣ የቀረውን እናንተ ገምቱ። በስር የሚያልፈውን ፈረንሳዮች «ግራንድ ካል» ይሉታል፣ ትልቁ ማለታቸው ነው።

እንግሊዞችስ አያደርጉም ነበር?

ቃሉን ወስደዋል፣ በባህር ኃይላቸው የቅጣት ሕግ ውስጥ ግን አታገኙትም። የነሱ ዋና ነገር ጅራፍ ነበር፣ ዘጠኝ ጭራ ያለው። እሱም ቢሆን ቶሎ አልቀረም፣ በሰላም ጊዜ የታገደው በ1871፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ በ1879 ነው። አሜሪካኖቹ ቀድመዋቸው በ1850 አስቀርተዋል።

ኪልሆሊንግ መቼ ቀረ?

ሆላንድ ውስጥ በይፋ የተሰረዘው በ1853። ከዛ በፊት ብዙ ዓመት ስራ ላይ ሳይውል ወረቀት ላይ ብቻ ተኝቶ ነበር።

ስዕል ወይ ምስል አለ?

አምስተርዳም ያለው ራይክስ ሙዚየም ውስጥ ሊቨ ፈርስኸር የሚባል ሰዓሊ ከ1660 እስከ 1686 ባለው ጊዜ የሳለው አለ። የአድሚራል ያን ፋን ኔስ መርከብ ሐኪም ኪልሆል ሲደረግ ነው ይባላል፣ ሙዚየሙ ራሱ ርዕሱ ላይ «እንደሚባለው» የምትል ቃል ጨምሮበታል፣ ጥንቃቄያቸው ደስ ይለኛል። እኔ በስክሪን ነው ያየሁት። መጀመሪያ ስታዩት ቅጣት ያለ አይመስላችሁም፣ ረጋ ያለ ውሃ፣ ትላልቅ መርከቦች፣ ባንዲራ። ከዛ ዙም ስታደርጉ ከግንዱ ላይ የተንጠለጠለች ሚጢጢ ሰው ታያላችሁ። ዙሪያውን በመርከብና በጀልባ የተሰበሰበው ሰው ብዛቱ! ሐኪም ነው እንግዲህ፣ ትናንት ቁስላቸውን ሲያጥብ የነበረ።

ሌላ ትርጉም አለው ሲባል ሰማሁ?

አለው፣ ሆላንድኛና ጀርመንኛ ላይ። መርከብን በጎኗ አጋድሞ ሆዷን ማጽዳትም በዚሁ ቃል ይጠራል፣ ያው ያቺ ባርናክል ስትበዛ መርከቧ ትከብዳለች፣ ፍጥነቷ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከምሰሶዋ በገመድ ስበው ያጋድሟትና ይፍቋታል። ስለዚህ አሮጌ የሆላንድ ጽሁፍ ላይ መርከቧ «ኪልሆል ተደረገች» ካለ ምንም አልደረሰባትም፣ ታጥባ ነው።

ዛሬ ፈረንጆች «አለቃዬ ኪልሆል ያደርገኛል» ሲሉ?

ክፉኛ ይቆጣኛል፣ ያዋርደኛል ማለታቸው ነው። ቀልድ አለበት፣ ትንሽም ያረጀ ቃል ነው፣ ወጣቱ ብዙ አይጠቀምበትም፣ ጋዜጣ ላይ ግን ፓርላማ ውስጥ የተወቀሰ ሚኒስትር ምናምን ሲሆን ታዩታላችሁ።

አንድ የማይመለከተው ደግሞ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 እና 47 እንግሊዝና አሜሪካ ጣልያን ውስጥ የነበሩ የሶቪየት ሰዎችን ሳይወዱ ወደ ስታሊን መልሰው የላኩበት ዘመቻ «ኦፕሬሽን ኪልሆል» ነበር ስሙ። ስሙን ያወጣው መኮንን ምን እያሰበ እንደነበር እንጃ፣ ግን ሰውን እያየ ወደ ጥልቁ መልቀቅ ከሆነ ነገሩ፣ ገብቶታል።

በአማርኛ በምን ልመልሰው?

እንደ ቦታው ነው። እውነተኛው ቅጣት ከሆነ አንድ ቃል አትፈልጉ፣ የለንም፣ የመርከብ ቅጣት ቃል የምናወጣበት ምክንያትም አልነበረም። «በመርከቡ ስር ጎትተው አሳለፉት» በሉ፣ ሰባት ስምንት ሰከንድ የማይፈጅ ነው፣ ለናሬሽንም ይመቻል። መጀመሪያ ላይ አንዴ እንደዛ ካላችሁ በኋላ ኪልሆል ብትሉት ሰው ይከተላችኋል። «ገረፉት» አትበሉ፣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ ምን እንደደረሰብኝ። «አሰጠሙት»ም አይሆንም፣ መልሰው አውጥተውታል እኮ።

ቁጣው ከሆነ ደግሞ አማርኛ ሀብታም ነው። «ልክ ልኩን ነገረው»፣ «አፈር ድሜ አበላው»። እኔ የምመርጠው ግን «ልክ ልኩን አጠጣው» የሚለውን ነው፣ መጠጣቱ ውስጥ ውሃ አለበት። አንዴ ለአንድ ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው «እና የባህር ውሃ ነው ወይስ የቧንቧ?» አለኝ፣ ከዛ ወዲህ ሳልስቅ ልተርካት አልቻልኩም።

የእህቴ ልጅ ባህር ዳር ማሪን ሊማር ነው፣ ይሄ ነገር ዛሬም አለ?

ሦስት ሰው ጠይቆኛል ይሄን፣ አንዷ ከልቧ። የለም እትዬ። ዛሬ መርከብ ላይ ያጠፋ ሰው ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፣ ካልሆነም ኮንትራቱ ተቋርጦ ከሚቀጥለው ወደብ በአውሮፕላን ይመለሳል። የመርከቧን ሆድ የሚያጸዱት ደግሞ ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው፣ የሚተነፍሱት አየር ይዘው፣ ተከፍሏቸው።